በኪሎዬ ልክ የተሰፋው ከረጢት

ጋሼ፣ እንደምን አረፈዱ? ጉልበትዎ ሻል አለው? ኧረ ቆመው አይቅሩ፣ ያቺን በርጩማ ሳብ ያድርጉና ይቀመጡ። ቀለሙንም መሬት ያኑሩት፣ ማን ያጣድፍዎታል? ዛሬ ደግሞ ብርሃኑ ለእርስዎ ሥራ ደስ ይላል።

የመጡት የውድድር መኪናዋ በር ላይ ያለውን የነጂ ስም ሊቀይሩ ነው አይደል? የእኔን አጥፍተው የሌላ ሰው ሊጽፉ። አውቃለሁ፣ ተነግሮኛል። ማለቴ… አልተነገረኝም፤ እርስዎ ቀለም ይዘው ሲገቡ ነው ያወቅሁት። ያው ነው። ምን ቅር ይለኛል?

እነዚያ እግሮች? ከወዲያኛው ነጭ መኪና ሥር የወጡት? ይተዉአቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው። የመፍቻው ድምፅ ከጠፋ ቆየ እንጂ… ሥራ ላይ ናቸው። እኔስ ብሆን የማን ስም አነሣሁ? የማወራው ስለ መኪናዋ ነው።

የዚህች መኪና ችግር አንድ ነበር። ሞተሯ ፊት ላይ ስለሆነ ፊቷ ይከብዳል። ፊቷ ሲከብድ ደግሞ ኩርባ ላይ መሪ ቢጠመዝዙላት አትሰማም፣ ቀጥ ብላ ትነጉዳለች። መድኃኒቱ ክብደቱን ወደ ኋላ ማሸሽ ነው። እሱን ሥራ የሠራው ሰው… እጁ ይባረክ! ባትሪውን ከፊት ነቅሎ ከኋላ አሰረው። የብረቱን ኮፈን ጥሎ ቀለል ያለ ፕላስቲክ አለበሳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የበላው። ይህን የማይመሰክር ዐይኑ ይጥፋ።

ከዚያ አራቱ ጎማ ሥር አራት ሚዛን አስገብቶ መዘናት… አይርገጡት ጋሼ፣ ደረጃ አይደለም፣ ሚዛኑ ነው። ቅድም እኔ ነኝ መልሼ ያስገባሁት። እና ስትመዘን ግማሽ ከፊት፣ ግማሽ ከኋላ። እኩል! ጎረቤት ተጠርቶ አይቷል። ፎቶም ተነሥተውባታል።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ… ሲመዝናት መሪው ላይ የተቀመጠው ራሱ ነበር።

ምን አለበት? ሰው በደከመበት ነገር ላይ ቢቀመጥ ነውር ነው? መቶ አሥር ኪሎ የጨዋ ኪሎ ነው። ወንበሩም ለሆዱ እንዲመቸው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ከኋላ ያለው ታንክም አፉ ድረስ ቤንዚን ተሞልቷል። የምነዳት እኔ መሆኔን ረስቶ ነው እንዳይሉ። እሱ ይረሳል? የሚያስበው በዝቶ ነው እንጂ።

አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የዋህ ነበር። ጋራዡን ሲተውልን «አንቺ መሪው፣ ወንድምሽ መፍቻው» አለን፣ በቃ። ሚዛን ከማውጣቱ በፊት ሁልጊዜ «ማን ነው የሚነዳት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ በሌለሁበትም እንዲመዝናት፣ በኪሎዬ ልክ ከረጢት ውስጥ አሸዋ ሞልቶ በገዛ እጁ ሰፋው። ሃምሳ ሁለት ኪሎ። አለ እኮ፣ ዞር ብለው ይዩት… የግቢውን በር የደገፈው። ነፋስ እንዳይዘጋብን ብሎ አንድ አሳቢ ሰው ነው እዚያ ያኖረው። እውነቱን ልንገርዎት? ያየሁት ቀን ሆዴ ባባ። ግን በሩስ መደገፍ የለበትም?

ሐሙስ መወዳደሪያው ሜዳ ላይ ለሙከራ ወጣሁ። ፔዳሉ ላይ እግሬ እንዲደርስ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። ዙሩ ሲበዛ ቤንዚኑ ጎደለ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ መሪውን ብጠመዝዝ ቀጥ ብላ ዳር ላይ የተደረደረው የጎማ ክምር ውስጥ። እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ገና ቀበቶዬን ሳልፈታ ሰው ሁሉ ፊት «መዞር አትችልም» ተባለልኝ። ስድስት ዓመት ስዞር ኖሬ ለካ አልችልም! ባይነገረኝ በምን አውቀው ነበር?

እስቲ ልግባና አንዴ ቁጥሩን ያንብቡልኝ። ታንኩ ግማሽ ነው፣ ወንበሩም የእኔ ቦታ ላይ ነው… ይኸው ተቀመጥኩ። ከፊት ስንት ይላል? ጮክ ይበሉ ጋሼ፣ ለእኔ ነው፣ ሌላ ማን ይሰማናል? ሃምሳ ሦስት ከመቶ? እስቲ ይድገሙልኝ። ሃምሳ ሦስት። እሺ፣ በቃኝ።

በሉ እንግዲህ ይጻፉ። የእሑዱን ውድድር እሱ ይንዳት። እሱ ሲቀመጥባት እኩል ናት፣ ፎቶው አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት በነዳት ጊዜም ጥሩ ሚዛን ነበራት። አምቡላንሱ ጡሩምባ ነፍቶ ቀደማት እንጂ… በሰላም ገብቷል፣ ዋናው እሱ ነው።

ምነው፣ የቀለሙን ክዳን ከደኑት? እግሮቹስ የት ሄዱ? ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ እንዴ? በርዷቸው ይሆናል።

እኔማ ክፉ አልመኝም፣ ያውቁኛል። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከኪሎው አንዲት ግራም አይቀንስበት። እሱም እንደኔ፣ በሌለበት ሰዓት ኪሎውን አስታውሶ ቦታውን የሚጠብቅለት አንድ ሰው ፈጣሪ ይስጠው… አባባ ከረጢት የሰፋው አንድ ብቻ ነበርና። አሜን ይበሉ፣ ጋሼ።