የአባቷ በርኖስ

ከመሐል ሜዳ በተነሳው ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ስለ እኔ ያወራሉ፤ እኔ መሆኔን አላወቁም።

«ያቺ የወረዳችን የቲያትር ልጅ፣ አገር ያውቃታል ስትባል ቀረች በይኝ?»

«ቀረች አባባ። አዲስ አበባ ሄዳ ‹ንግግርሽ የገጠር ነው› ብለው መለሷት አሉ።»

እንዲህ ያለኝ አንድ የቲያትር አዘጋጅ ነው፤ ስሙን አልረሳሁም።

«ንግሥት ሆና ስትጫወት እኮ እውነት መስሎኝ ተነስቼ እጅ ነስቻለሁ!»

«እኔስ እንኳን ቀረች እላለሁ።»

«ምነው ልጄ? ምን አድርጋሽ?»

«አባቴ ሲሞቱ እንባ እምቢ አለኝ። ለቀስተኛው ልበ ደረቅ እያለ ያማኛል። እሷ መጣችና የአባቴን በርኖስ ደርባ፣ ዱላቸውን ይዛ፣ እንደ እሳቸው እያነከሰች በለቀስተኛው መሐል ዞረች።»

«የሟች ልብስ ይዞ መዞርማ የአገር ወግ ነው።»

«ሌላው ይዞ ይዞራል፤ እሷ አባቴን ሆነች። እፊቴ ቆማ በእሳቸው ድምፅ ‹እናትዬ፣ በጎቹ ገቡ?› አለችኝ። ሲመሽ የሚሉኝ እሱን ነበር።»

«ወይ ጉድ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማን ይያዘኝ! አልቅሼ ወጣልኝ። ቀና ስል ሄዳለች። ባገኛት ጉልበቷን በሳምኩ። አዲስ አበባ ቀርታ ቢሆን ማን ያስለቅሰኝ ነበር?»

«ያውም በዚያው በገጠር ንግግሯ!» ብለው ሽማግሌው ሳቁ።

ረዳቱ «ሞላሌ ወራጅ አለ?» ሲል፣ መውረጃዬ ሆኖ ሳለ ወሬያቸውን ልስማ ብዬ አለፍኩት።