ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

አቶ መንገሻ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ በገበያ ጋሪ እየገፉ፣ በስደት በሚኖሩበት ከተማ በፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ በኩል ሲያልፉ ከሰገነት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰገነት ሳን ሆዜ ውስጥ የኮምፒውተር ዲስክ በሚሠራ ኩባንያ የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ ናት፤ በቤተ ክርስቲያን ያውቋታል።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ምን ታሞ ነው እንዲህ የተሸፋፈነው?»

«ተይኝ ልጄ፣ ከይሲ ነው! አሮጌ ዕቃ ለሚቀበሉት ልሰጠው ነው።»

አቶ መንገሻ ሠላሳ ዓመት በወንጂ ሸንኮራ እርሻ ውኃ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚያውቁትን በመጽሐፍ ሊያስቀሩ ቢነሡ፣ ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቀጥ እያለ የጻፉትን ይዞባቸው ይጠፋል። የቦይ አቀያየሱ ምዕራፍ ብቻ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይጨብጡም። መጽሐፉ ከቀረ እውቀታቸው አብሯቸው መቃብር መውረዱ ነው።

«ሲሠሩበትም ጋቢውን ለብሶ ነው?» አለች ሰገነት።

«ታዲያ ነፋስ ይምታው? መስኮት ዘግቼ፣ ከጀርባው ፎጣ ወትፌ፣ እንደ አራስ ነው የያዝኩት!»

ሰገነት ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ ኦቨርሂት አድርጎ፣ ሙቀት በዝቶበት ነው። እንመለስና አንዴ ቼክ ላድርገው።»

ቤት ገብተው ኮምፒውተሩን ያለ ጋቢና ያለ ፎጣ አስነሣችው። ከጋቢው ዘርፍ አንድ ክር መዝዛ ከጀርባው ብታስጠጋ ክሩ ወደ ውጭ ተርገበገበ።

«ፋኑ ሙቁን አየር በዚህ ያስወጣል፤ ቀዝቃዛው በፊት ለፊት ይገባል። እርስዎ ደግሞ ሁለቱንም ደፈኑበት።»

«ነፋስ እንደ ውኃ አይታዘዝም ልጄ። ሌባ ነው፤ በመስኮት ገብቶ ጉልበት ይሰብራል።»

«አየርም ውኃም የሚፈሱት በአንድ ሕግ ነው ጋሼ። ወንጂ ሳሉ የማሳው መውጫ ቢደፈን ውኃው ምን ይሆናል?»

«ይተኛላ! ሥሩን ያበሰብሰዋል። መውጫ የሌለው መግቢያ...» አሉና አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ዐዋቂ ሰው የሚረታው በራሱ ሙያ ነው፤ ሰገነትም ይህን ያወቀች ብልህ ነበረች። ቀጥላም ስለ ሥራዋ አጫወተቻቸው።

«የጻፉትን የሚይዘው ዲስክ ሲሽከረከር አየሩን ይዞት ይዞራል። ጽሑፉን የምታነበው ትንሽ ጫፍ ዲስኩን አትነካም፤ በዚያ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ከፍታዋ አንድ ፀጉር ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዷን ስንጣቂ ያህላል። ከነካችውማ ክራሽ ታደርጋለች፤ ጽሑፉም ይጠፋል!»

«እንዲህ ነው እንዴ! ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት ነፋስ ነው ጽሑፌን የተሸከመው?» አሉ አቶ መንገሻ፤ ዐይናቸው በአድናቆት ፈጠጠ። «ለእሱስ ይሁን እሺ። የእኔ ጉልበት ግን?»

«ጋቢውን ከኮምፒውተሩ ያንሡና ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት።»

አቶ መንገሻ ከት ብለው ሳቁ። ፎጣውን ወደ ጓዳ መለሱ፤ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ያሉትን መስኮቶችም ከፈቱ። ሰገነት በየገጹ ሴቭ ማድረግን አሳይታቸው ሄደች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሳነሽ ከሥራ ሲመለሱ የተከፈቱትን መስኮቶች አይተው፣ ምክንያቱንም ከባላቸው ሰምተው ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

«እኔ እየሳልኩ አሥራ አንድ ዓመት መስኮት ክፈት ስልህ ያልሰማኸኝን፣ ለዕቃ ከፈትክለት?»

አቶ መንገሻን ጥፋታቸው ያን ጊዜ ነው ልባቸውን የነካው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ቀጥ ማለቱን ተወ። ቤቱ ነፋስ በማግኘቱ በእርጥበት የበቀለው የግድግዳው ሻጋታ ደረቀ፤ የወይዘሮ ካሳነሽም ሳል እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። መጽሐፉ በዓመቱ ሲያልቅ አቶ መንገሻ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ውኃ ከማስገባትህ በፊት መውጫውን ክፈት። ይህን ሠላሳ ዓመት ለሰው ሳስተምር ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ የዘነጋሁት እኔ ነኝ። ካሳነሽ ሆይ፣ ይቅር በይኝ።»