የታጠበው ቱቦና የወይዘሮ ኦርፌሊና የመጨረሻ ሳምንት

ወይዘሮ ኦርፌሊና ካትሪሌዎ ከአባታቸው ከአቶ አርቱሮ ካትሪሌዎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካርሜላ ፓይኔማል፣ ካራዌ ከተማ አጠገብ ባለች የድንች ገበሬዎች መንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው፣ ወደ ቴሙኮ ከተማ ወርደው በሰው ቤት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው በአንድ ሆስፒታል የሕክምና ዕቃ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ በአፍ ገብቶ የሆድ ዕቃን የሚያሳየውን ረጅም ቱቦ በብሩሽና በመድኃኒት እያጸዱም ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠሩ። ለአዲስ ገቢዎች፣ «ነገ እናትሽ አፍ የሚገባ ነው ብለሽ እጠቢው» ይሉ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ።

ከዳቦ ጋጋሪው ከአቶ ሴጉንዶ ኢባካቼ ጋር በ1979 ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ባለፈው ሳምንት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሲመረመሩ፣ ጠጠር የሐሞታቸውን መውረጃ እንደዘጋው ታወቀ፤ ጠጠሩም በሠሩበት ሆስፒታል፣ በዚያው በሚያውቁት ዓይነት ቱቦ እንዲወጣላቸው ተወሰነ። የዚያን ቀን ቱቦውን ያጠበችው ራሳቸው ያሠለጠኗት ኖልቪያ ነበረች። ጠጠሩ ወጣ፤ በማግሥቱ ግን ብርድ ብርድ ብሏቸው ትኩሳቱ በረታ።

ግራ መጋባታችን ከዚህ ይጀምራል። ልጃቸው ሬናቶ ኖልቪያን በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግኝቶ፣ «እናቴን ምን አደረግሻት?» ብሎ ጮኸባት። ያከመቻቸው ሐኪም ግን በደማቸው የተገኙት ባክቴሪያዎች በወይዘሮ ኦርፌሊና በገዛ አፋቸው የሚኖሩ መሆናቸውን፣ ቱቦውም ንጹሕ ሆኖ ሳለ በአፋቸው ሲያልፍ ይዟቸው እስከ ሐሞት መውረጃው እንደዘለቀ አስረዳች። አቶ ሴጉንዶ፣ «ጥርሷን ጠዋት ማታ ትፍቅ አልነበር እንዴ? ታዲያ እኔ ማንን ልቆጣ?» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ስናነብ የገባን ከሰማነው ያነሰ ነው።

ወይዘሮ ኦርፌሊና ግን ኖልቪያን አስጠርተው፣ እጇን ይዘው፣ ሬናቶ እየሰማ፣ «ያንቺን አስተጣጠብ እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺ አይደለሽም። በይ ነገ ሥራሽ ግቢ፤ እንዳትቀሪ!» አሏት። መድኃኒቱ ሳይረዳቸው ቀርቶ ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው በመዛመቱ፣ ጠጠሩ በወጣ በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ሬናቶም ትናንት ኖልቪያ ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋት፣ እርሷም ይኸው ዛሬ በቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ቆማለች።

ወይዘሮ ኦርፌሊና ባለቤታቸውን አቶ ሴጉንዶን፣ ልጆቻቸውን ኤሊያናንና ሬናቶን፣ አራት የልጅ ልጆችንና ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ዴልፊናን ትተው ሄደዋል። ለእኛ ያልተገለጠው ለእርሱ የተገለጠለት አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን፤ የሚቆጡትን ሰው ላጡት ለአቶ ሴጉንዶም መጽናናቱን አይንፈጋቸው። አሜን።