የልየው ዓይን

ሰኔ፣ ጧት፤ ጎጃም ውስጥ፣ የአንሙት ግቢ በር ላይ። ታላቅ ወንድሙ ልየው ከሁለት ወር ኩርፊያ በኋላ መጥቶ በሩን ይዟል።

አንሙት፦ አልሄድም አልኩህ! በሩን ልቀቀው።

ልየው፦ የገበሬዎች ማኅበሩ ድረስ እኮ ነው። ጸሐፊው በስልኩ ዓይንህን ያነሣል፣ እኔ ማዳበሪያዬን እጭናለሁ፤ አለቀ።

አንሙት፦ የገዛ ዓይንህ ምን ሆነ?

ልየው፦ አትቀልድ። ትናንት ሦስት ጊዜ አነሣኝና “ስልኩ ልየው አይደለህም ይላል” አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ሃምሳ ዓመት የተጠራሁበትን ስም!

አንሙት፦ እውነቱን ነዋ። ስልኩ የሚያውቀው ልየው እኔ ነኝ።

ልየው፦ የማዳበሪያው ምዝገባ ለት አማቴ ሞቶ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። መታወቂያዬን ሰጥቼ “ቁምልኝ” አልኩህ። ለዕድሩም ለስብሰባውም ስትቆምልኝ አልኖርክም? ዓይን እንደሚያነሡ በምን ልወቅ!

አንሙት፦ ቆምኩልህ። ምስጋናውስ? ፋሲካ አልፎ ሳምንት ሳይሞላ ድንበሬን አርሰህ ገባህ። አራት ትልም!

ልየው፦ ሦስት።

አንሙት፦ አራት! ሽማግሌ ሲቀመጥ ደግሞ “ዓይኑን ካየሁ ዓይኔ ይፍሰስ” ብለህ ማልክ። ታዲያ አሁን ምኔን ልታይ መጣህ?

ልየው፦ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ተናድጄ ነው።

አንሙት፦ እኔም ተናድጃለሁ።

ልየው፦ ማከፋፈሉ ዛሬ ያበቃል፣ አንተ ሰው! አርሼ አለስልሼ ጨርሻለሁ። ከዚያ መሬት የሚበላው ስድስት ነፍስ ነው፤ የወንድምህ ልጆች ናቸው።

አንሙት፦ ድንበሬን ስትገፋ የኔ ልጆች የማን ነበሩ?

ልየው፦ እሺ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?

አንሙት፦ የድንበሩን ድንጋይ ወደ ቦታው መልስ። አሁኑኑ፣ እያየሁህ። ሽማግሌዎቹ ፊትም “በድያለሁ” በል።

ልየው፦ ለታናሼ?

አንሙት፦ እንግዲያ ከደጄ ጥፋ!

ልየው፦ ክፉ ነህ። እንዲህ ክፉ መሆንህን አላውቅም ነበር። እሺ… እሺ አልኩ፣ እመልሳለሁ! ቆይ ግን፤ ያንተ ማዳበሪያ የታል?

አንሙት፦ ምን አገባህ!

ልየው፦ አምና እዚህ ደጃፍ ላይ ነበር የደረደርከው። ዛሬ አንድ ጆንያ አላይም።

አንሙት፦ ነገ አወጣለሁ።

ልየው፦ ዛሬ ያበቃል አልኩህ እኮ። ጸሐፊው “አንድ ዓይን በሁለት ሰው ስም አይመዘገብም” ሲል ነበር። አንሙት፣ አንተ ራስህ ተመዝግበሃል?

አንሙት፦ በሩን ልቀቅ።

ልየው፦ አንተን እኮ ነው የምጠይቀው!

አንሙት፦ ታላቅ ይቀድማል ብዬ መጀመሪያ ላንተ ቆምኩ! ከፋሲካ በኋላ ለራሴ ብሄድ ስልኩ “ልየው” ብሎ መለሰኝ። ባለስሙ ራሱ መጥቶ ካላሰረዘ አይሆንም አሉኝ። በቃህ?

ልየው፦ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልከኝ?

አንሙት፦ አንተን ከምለምን መሬቴ ጦሙን ይደር!

ልየው፦ ባለስሙ እንግዲህ እኔ ነኝ፤ የማሰርዘውም እኔ።

አንሙት፦ ልጆች አሉኝ… ጋሼ።

ልየው፦ ጋሼ? ና ውጣ፤ ስንሄድ ድንጋዩ ጋ እንቆማለን። ስንት ትልም ነበር ያልከው፣ ሦስት ነው አራት?