የሳልሳው ባንድ አቆጣጠር

ዲኬተር ከተማ፣ አደባባዩ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ምሳ ልገዛ ስወርድ፣ አንድ የላቲን ሳልሳ ባንድ ሊጀምር ነው። መሪው ሽማግሌ ኮሎምቢያዊ ናቸው። ወደ ሙዚቀኞቹ ዞረው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በሉ!» አይሉ መሰላችሁ! በአማርኛ! እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ምሳውም ቀረ።

ዕረፍት ሲወጡ ሮጬ ሄድኩና «አማርኛ ከየት ተማሩ?» አልኳቸው። ባንዱን ከአንድ ሐበሻ የኮንጋ ከበሮ መቺ ጋር ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ እንደመሠረቱት ነገሩኝ። እሱ ካረፈ ቆይቷል፤ ከድሮዎቹ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «አቆጣጠሩን ግን አልቀየርንም። አዲስ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው በእሱ ቋንቋ እስከ አራት መቁጠር ነው» አሉኝ።

«‹በሉ› እኮ አራት ማለት አይደለም» አልኳቸው። «‹እንግዲህ ቀጥሉ› እንደማለት ነው።»

ሽማግሌው አጠገባቸው ያለውን ኮንጋ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ‹ቀጥሉ› ሲለን ነው የኖረው?» አሉ ቀስ ብለው። አራት ምን እንደሚባል ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንዴ ሞከሩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ» አሉ፣ «የእኛ አራት ‹በሉ› ነው።»