በታምሩ በር የተጋደመው ሲንቄ

በእኛ ጊዜ እኮ የአራስ ቤት በር አይዘጋም ነበር፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፣ አንዱ ገንፎ ሳይበርድ ሌላ ገንፎ ይመጣል፣ እና አራሷ መብላትና ማጥባት ብቻ ነው ሥራዋ። አሁንማ ተዉት፣ ጎረቤት መውለዷን በስልክ ነው የምንሰማው። ብቻ ይኼ የማጫውታችሁ ነገር የድሮ አይደለም፣ እዚሁ ሮቤ ነው፣ እኔም ካረጀሁ በኋላ ነው።

ዘይነባን ታውቋታላችሁ አይደል? የደሎ መናዋን? ያኔ ከባሏ ጋር ታምሩ ግቢ፣ ከእኔ አጥር ማዶ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ባሏ ሹፌር ነው፣ ቡና ይጭናል። እናቷ ሞታለች፣ እህት የላትም፣ እና የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፣ ያውም በሐምሌ። የሮቤን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፣ እሷ ደግሞ የቆላ ልጅ ናት፣ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ነው የሚገባው። ባልየው መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ደሎ መና ቀረ። ታዲያ እሳት የማነድላት እኔ፣ ልጅቷን የማጥብላት እኔ።

ታዲያ አንድ ቀን በጠዋት ታምሩ አጥሬ ጋ መጣ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ታምሩ ክፉ አይደለም፣ ችኩል ነው። ያችን ቤት አፍርሶ በመንገዱ በኩል ሱቅ ሊሠራ ነው። እና ጉሮሮውን ጠረገ፣ እህህ፣ እህህ፣ ታውቃላችሁ እንዴት እንደሚጠርግ።

«እትዬ አስካለ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምነው በጠዋት?»

«ምን መሰለዎት፣ ነገ ሠራተኞች ይመጡብኛል። ያቺ ልጅ ክፍሉን ትልቀቅልኝ።»

«አራሷን ነው የምትለኝ?»

«እንግዲህ እርስዎ ይንገሯት። እኔ ወንዱ አራስ ቤት ገብቼ ምን ብዬ ልናገር?»

አያችሁ፣ ራሱ ለመናገር አፍሮ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም እሺም እምቢም አላልኩት። ለዘይነባ ነገርኳት? አልነገርኳትም፣ አራስ ማስደንገጥ ነውር ነው! ነጠላዬን ጣል አድርጌ በቀጥታ አዴ ሀሊማ ቤት።

አዴ ሀሊማ፣ አላህ ይማራት፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚሰማት ሴት ነበረች። «አካም ቡልቴ፣ አስካለ?» አለችኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ነገሩን አጫወትኳት። ተነሥታ ከቤቱ ጥግ ሲንቄዋን አወጣች። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፣ ለመማቻ አይደለችም። በኦሮሞ ደንብ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ናት የምትሰጣት። እና እናት ከተደፈረች፣ በተለይ አራስ ከተነካች፣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ነገሩ ሳይታይም ቤታቸው አይመለሱም።

«ለየቤቱ ንገሪ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ እንደተሰገደ እንገናኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ሴቱ ሁሉ ሲንቄውን ይዞ ወጣ። እኔ ከየት ላምጣ? የኔ እናት ስትድረኝ የሰጠችኝ የአንገት መስቀልና ሞሰብ ነው። ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ጃንጥላዬን ያዝኩ። ሀሊማ አየችኝና፣

«አስካለ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጃንጥላ።»

«እኛ ታምሩን ልንከለክል ነው፣ አንቺ ዝናቡን?»

ሴቱ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከመንገዱ ዳር ለምለም ሣር ነጭታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። «አንቺም ኢንተላ አያ ነሽ፣ የእናት ልጅ ነሽ። ይኼን ያዢ፣ ሣርም ከሲንቄ ጋር ይያዛል» አለችኝ። እንባዬ መጣ፣ አልዋሻችሁም። ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ነው፣ ግን እንዲያ ያለኝ ሰው አልነበረም።

እና ታምሩ በር ደረስን። ሀሊማ ሲንቄዋን መግቢያው ላይ አጋደመችው፣ እኛም እልል አልን፣ ሰፈሩ ተናወጠ። ወዲያው ሠራተኞቹ ዶማና መዶሻ ይዘው መጡ። በዕድሜ ትልቁ ሠራተኛ ሲንቄውን ሲያይ ቆመ፣ ዶማውን መሬት አስቀመጠ። ታምሩ ከኋላ፣

«ምን ትገተራላችሁ? ግቡ እንጂ።»

«ሲንቄ ነው፣ ጋሼ።»

«ዱላ ነው! ተራመዱት!»

«እኔ እናት አለችኝ፣ አልሻገርም» አለና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹም ተከትለውት ቁጭ።

ታዲያ የቀበሌው ሊቀመንበር እየሮጠ መጣላችሁ። «እናቶቼ፣ ያለ ፈቃድ ስብሰባ እኮ...» ሲል ሀሊማ ቀበል አድርጋ፣ «የምን ስብሰባ? አራስ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። አራስ መጠየቅም በፈቃድ ሆነ?» እሱም ሳቁ መጣበትና ዞር አለ።

ከዚያ ወደ ታምሩ ተመለሰች፣ ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም። «ልጄ፣ ሲንቄውን አነሣልሃለሁ። ግባና አንተው ራስህ ንገራት።» አነሣችለት። ገባ፣ እኔም ከኋላው። በሩ ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅ። ዘይነባ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ግን ትስቃለች።

«ጋሽ ታምሩ፣ እርስዎም መጡልኝ? እኔ እኮ በሰው አገር ብቻዬን ወለድኩ ብዬ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ይኸው ሰፈሩ ሁሉ ለልጄ እልል አለላት። እርስዎም ይመርቁልኝ።»

ገባችሁ? ለእሷ እልል ልንል የመጣን መስሏት! እና ልጅቷን አስታቀፈችው። ታምሩ እህህ አለ፣ እህህ፣ አልወጣ አለው። ልጅቷን እንደ እንቁላል ይዟት፣ «እደጊ» አላት፣ «እደጊ፣ እሺ?» ሌላ ምርቃት ጠፋበት።

ሲወጣ ሠራተኞቹ ተነሡ። «ከየት እንጀምር፣ ጋሼ?» አሉት። «ዛሬ ሂዱ» አለ። «ልጅ ተኝታለች።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሀሊማ ቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ዘይነባ ናት፣ ነገ የማን ልጅ እንደምትሆን አላውቅም። እኔ በየበሩ ልቆም ጉልበት የለኝም። አራስ ጠንክራ እስክትነሣ ማንም ከቤት እንዳያስወጣት ይነገርልን» አለች። አንዱ፣ «ይኼ የት ሕግ ላይ አለ?» ብሎ ተነሣ። ማን ቢመልስለት ጥሩ ነው? ታምሩ! «ሊያስወጣት የነበረው እኔ ነኝ» አለ፣ «አንተም መጀመሪያ ግባና ልጁን ታቀፍ፣ ከዚያ አስወጣ።» ከዚያ ወዲያ በየእድሩ፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ተነገረ። ሁሉም ያከብራል አልላችሁም፣ የማያከብር አለ፣ ያኔ ሣራችንን ይዘን እንሄዳለን።

ዘይነባማ ያኔ አራስ ቤት ነበረች፣ የስብሰባውንም ማንም አልነገራትም፣ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ታወራዋለች። «እናት የለኝም፣ ግን ሮቤ ውስጥ እንደኔ የተጠየቀች አራስ የለችም፣ ጋሽ ታምሩ እንኳ ጫማቸውን አውልቀው ገቡልኝ» ትላለች። ታምሩም አጠገቧ ሆኖ፣ «ታዲያ እንዴት ልቅር?» ይላል። እኔ ሳቄን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገራችኋትም?»

ምኑን ልንገራት፣ ልጄ? ሄደን አልጠየቅናትም እንዴ? ሃሃሃ፣ እናንተም እንዳትነግሯት።