በሐዘን ወራት የተንቀሳቀሰ ትከሻ

ቀረብ በይ እስቲ ልጄ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በይ፤ የታኅሣሥ ውርጭ እኮ ነው፣ ይኼ ከጓሳ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ፈልጎ ነው የሚገባው። አየሁሽ፣ አየሁሽ! ስልኩ ላይ እንደታመመች ዶሮ ተደፍተሽ ውለሽ አሁን "አንገቴን፣ አንገቴን" ትያለሽ። ነይ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጪ። አይ፣ አላሽሽም፣ እጄማ የታለና! አንድ ነገር አሳይሻለሁ፤ ግን እያወራሁ ነው፣ ዝም ብሎ ማሳየት አይሆንልኝም።

በእኛ ጊዜ ታዲያ፣ ደርግ ወድቆ እነዚያ ከገቡ በኋላ፣ የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው፣ አጎትሽ ደምሴ፣ የበኩር ልጄ፣ ዘመተ። ዘመተና አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ በራፌ ላይ ቆመው ሳያቸው ማንም ምንም ሳይለኝ እኔው ነኝ የጮህኩት። እና በእኛ አገር የልጅ መርዶ ሲመጣ እናት ቁጭ ብላ አታለቅስም፣ መሬት ላይ ራሷን ትጥላለች፣ እየተነሳች ትጥላለች፣ ደረቷን ትደቃለች። እኔም ራሴን ጣልኩ። ድንጋይ ይሁን አፈር ማን አይቶ! አስከሬን የለ፣ ምን የለ፤ ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተን ለጋቢው አለቀስን።

ልቅሶው በረድ ሲል ታዲያ አንገቴ ደርቆ ቀረ። ቀረ ስልሽ ቀረ! ሰው ሲጠራኝ ከነወገቤ ነው የምዞረው። ቀኝ ትከሻዬም ምስማር የተመታበት መሰለ። ጀሪካን አላዝል፣ የበግ ጠጉር አልፈትል፤ እሱስ ይሁን፣ ማማተብ አቃተኝ። ሰምተሻል? እጄ ግንባሬ ጋ አይደርስም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ሰው ሁሉ ሲያማትብ የእኔ እጅ ደረቴ ላይ ይቀራል። ጠበሉንም ተጠመቅኩ፣ ቅቤውንም ተቀባሁ፣ እና ምንም።

አያትሽ አዘኑልኝና የገበያ ቀን በበቅሎ ቀየት ከተማ ወሰዱኝ፣ ጤና ጣቢያ። እሳቸው ውጪ በቅሎዋን ይዘው ቀሩ፣ እኔ ገባሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ ናት ሐኪሟ፣ ልጄ የምትሆን።

"እናቴ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱ" አለችኝ።

"እጄ ቢነሳማ እዚህ ምን ላደርግ መጣሁ!" አልኳት።

ሳቀች፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። መርፌ ትወጋኛለች ስል ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ልክ አሁን እኔና አንቺ እንደተቀመጥነው።

"መርፌ አይደለም የሚሻልዎት። የደረቀ መገጣጠሚያ በቀስታ፣ በየቀኑ ሲንቀሳቀስ ነው የሚፈታው። እኔን እያዩ ያድርጉ። መጀመሪያ ትንፋሽዎን ይልቀቁ። አሁን አገጭዎን ዝቅ፣ ማተብዎን እንደሚያዩ። ቀስ! ይመለሱ። አሁን በግዎ ከኋላ የጮኸች ይምሰልዎት፣ በቀኝ ዞር፤ ሲያምዎት እዚያው ቆም ይበሉ፣ አይታገሉት። በግራም እንደዚያው። አሁን ጆሮዎ ወደ ትከሻዎ ይውረድ። ኧረ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ አይውጣ!"

አድርጊው እንጂ አንቺ፣ ምን ታዪኛለሽ! ቀስ... እ፣ እንደሱ።

"ትከሻዎን ደግሞ ወደ ላይ ያንሱና ጀሪካን እንዳወረደ ሰው ይልቀቁት። ከዚያ ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ክቡ እንደ ሰፌድ አይሁን፣ እንደ ሲኒ አፍ ትንሽ ይሁን። ጠዋትም ማታም ነው። እናቴ፣ አደራዎን አያቋርጡት፤ ካቋረጡት ተመልሶ ይደርቃል፣ ያኔ እሺ አይልዎትም።"

ቤቴ ገባሁና ያዝኩት። ሙት ዓመቱ አልደረሰ፣ ፀጉሬ እንደተላጨ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ መደብ ላይ ተቀምጬ ማታ ማታና ጠዋት ጠዋት ትከሻዬን አዞራለሁ። እና እጄ ከፍ አለ! አገጬን አለፈ፣ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ግንባሬ ብቻ ነው የቀረው። ትንሽ ብቆይ ለልጄ ነፍስ አማትቤ እጸልያለሁ ብዬ ነበር እኮ።

ታዲያ አንድ ጠዋት አማቴ፣ እሜቴ ነበር የምላቸው፣ እሳት ሊጭሩ የሸክላ ገል ይዘው መጡ። በበሩ ስንጥቅ ምን ያያሉ? ጥቁር የለበሰች ሴት ትከሻዋን ስታዞር! ገሉን እዚያው ጣሉትና፣

"ዋይ! ዋይ! ኧረ የአገር ያለህ! የልጅ ልጄ ሙት ዓመት ሳይወጣ እናቱ እስክስታ ትወርዳለች!"

"እሜቴ፣ ሐኪም ያዘዘችኝ ነው" እላለሁ።

"የትኛዋ ሐኪም ናት ሐዘንተኛን ትከሻ ምቺ ብላ የምታዝ? ለእኔስ አታሞ አታዝልኝም?"

አያትሽ ከአውድማ እየሮጡ መጡ። "ምንድን ነው?" አሉ።

"አንቱ ራስዎ አይደሉም የወሰዱኝ?" አልኳቸው።

"ወስጃለሁ። ምን እንዳሳየችሽ ግን አላየሁም። እስቲ አሳዪኝ።"

አሳየኋቸው። አገጬን ዝቅ፣ በቀኝ ዞር፣ በግራ ዞር፤ ትከሻው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

"እኔ ገብቶኛል" አሉ። "ጎረቤት ግን አይገባውም። የደምሴ እናት ጨፈረች ከሚባል..." አልጨረሱትም። እሜቴ ጨረሱት፤ "ወይ ትከሻሽን፣ ወይ ይኼን ቤት!" እና በደምሴ ስም አስማሉኝ፣ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ትከሻዬን ላላነቃንቅ። በሌላ በምንም ቢያስምሉኝ ኖሮ፣ ማን ያውቃል... በደምሴ ስም ግን እንዴት አድርጌ ላፈርስ!

አንገቴን ግን ማንም አልከለከለኝም፣ ትሰሚያለሽ? ሐዘንተኛ አንገቷን ብትደፋ፣ ግራ ቀኝ ብትል፣ "ወይኔ፣ እየተብሰለሰለች ነው" ይሉልሻል እንጂ ማን ይገርመዋል! እና ሰው ሁሉ እያየኝ አንገቴን አፍታታሁት። አንገቴ ዳነ፣ ትከሻዬ ደረቀ። ሙት ዓመቱ አልፎ ቀየት ስመለስ ሐኪሟ የለችም፣ ወደ ራቤል ተዛውራለች አሉኝ። ብቻዬን ደግሜ ጀመርኩት፣ ጠዋትም ማታም፣ እና እጄ አገጬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆመ፣ አለቀ።

ቆይቶ ደግሞ እሜቴ እርጅና ተጫናቸው፣ አንገታቸው ተደፍቶ ቀረ። ከእግራቸው ጣት ሌላ አያዩም። አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው፣

"አንቺ፣ ያ ነገርሽ..." አሉኝ።

"የቱ ነገሬ እሜቴ?"

"ያ... የትከሻው።"

"እስክስታው ነው?"

"ዝም በይ! በሩን ዝጊው!"

ሣቂ፣ ሣቂ፣ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። በሩን ዘጋሁና ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ "አገጭዎን ወደ ማተብዎ፣ ቀስ ብለው እሜቴ፣ አይታገሉት" እላቸዋለሁ። በየቀኑ ይመጡ ነበር። ይቅር በይኝ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅኩ። አንዴ ብቻ፣ አንገታቸውን በቀኝ እንዳዞሩ እንባቸው ዱብ አለና "ደምሴ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይኼን አንገት ነበር ጥምጥም የሚለው" አሉ። ከዚያም አንገታቸውን በግራ አዞሩ።

እሳቸው ሲሞቱ ታዲያ የልቅሶው ሴት ሁሉ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ እያነሳ ደረቱን ይመታል። የእኔ ቀኝ እጅ አይነሳ። በግራዬ ብቻ መታሁ። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ ስትል በጆሮዬ ሰማኋት፣ "እያት ይቺን፣ ለአማቷ እጇን ለማንሳት እንኳ ከበዳት!" ዞሬ አየኋት፤ አንገቴስ ይዞራል። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ተመልሼ በግራዬ መታሁ።

እንግዲህ ይኸው ነው። እሜቴ ደብሩ ግቢ ተቀበሩ፣ አያትሽም ቆይተው አጠገባቸው አረፉ። ሐኪሟን ዳግም አላየኋት፣ በሕይወት ካለች ይመስገን። ያቺ ያማችኝ ሴትዮ ልጆቿ ጋ ከተማ ገባች። የደምሴ አጥንት የት እንዳለ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ ጋቢው ሳጥኑ ውስጥ አለ። እኔም ይኸው አለሁ፣ ሳማትብ በግራ እጄ የቀኜን ክርን ደግፌ ነው ግንባሬ ላይ የማደርሰው።